የሰባተኛው ልብ አንገትጌ

የመጀመሪያው ልብ የተሠራ ሰሞን ጋዜጣ ላይ በወጣው ፎቶ አሥራ አራት ሰው ቆሟል። ቆጥሬዋለሁ። ሐኪሙ መሃል፣ ዋና መሐንዲሱ በቀኙ፣ ወለል የምትጠርገው ሴት ሳትቀር ጥግ ላይ ጥርሷን ገልጣለች። ደግ አደረጉ፣ እሷም ሰው ናት። እኔ ግን የለሁም። ጋዜጠኛዋ በር ላይ አግኝታኝ «እማማ፣ እርስዎስ እዚህ ምን ይሠራሉ?» አለችኝ። «ልብ እሰፋለሁ» አልኳት። ሳቀች። «የአሻንጉሊት?» ብላ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አድርጋኝ አለፈች።

ያልተማረች አሮጊት ልብ ትሰፋለች ቢባል ማን ያምናል? አትመኑ። የእኔ መርፌ የማንንም እምነት ጠብቆ አያውቅም። ፊደል የቆጠርኩት እንኳ ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ ነው። ለምን እንደሆነ ስትደርሱበት ታውቁታላችሁ፤ ስታውቁትም አትዘኑልኝ፣ አልወድም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው ሠራሽ ልብ ላስቲክና ብረት ነው፤ ያ የመሐንዲሶቹ ሥራ ነው። ላስቲክ ግን ከሥጋ ጋር እንዲሁ አይጋባም፤ መሃል ላይ ሽማግሌ ይገባል። ሽማግሌው ጨርቅ ነው። እንደ ሸሚዝ አንገትጌ ክብ፣ ዙሪያውን የታጠፈ፣ ሁለት መቶ አርባ ስፌት ያረፈበት። ሐኪሙ የበሽተኛውን የደም ሥር የሚሰፋው እኛ በሰፋነው ላይ ነው። ክሩ ከጠበቀ ሥጋውን ይተረትረዋል፤ ከላላ ደሙ ያፈተልካል። በማሽን ሞክረውት ነበር፤ ማሽኑ ጨርቁን አኝኮ ተፋው።

ዋና መሐንዲሱ ሲደሰት ወሬ ይወዳል። «ድሮ ልቡን የሚነፋው ሞተር ቁም ሳጥን ያህል ነበር፤ በሽተኛው ከአልጋው ንቅንቅ አይልም። አሁን ትከሻ ላይ ይንጠለጠላል። ወደፊት ደግሞ ሳጥንም ቱቦም አይኖርም፣ ሁሉም ደረት ውስጥ ይገባል፣ ኃይሉን በቆዳ በኩል እናሻግርለታለን» አለኝ አንድ ቀን።

«አንገትጌውስ?»

«እሱማ... ያው በእጅ ነው።»

«እንግዲያው ወደፊትም እኔው ነኝ» አልኩት። አፈረ።

የልጅ ልጄን መርፌ ያስያዝኳት እኔ ነኝ፤ አሁን አንገትጌውን አብረን ነው የምንሰፋው። እናትና አባቷ ሲያልፉ እሷንም ታላቅ ወንድሟንም በዚሁ መርፌ አሳደግኋቸው። ወንድሟ ጋራዥ ይሠራል። ሰፈሩ «መዶሻ» ይለዋል፤ የተጣመመ ነገር ሁሉ በመምታት የሚቃና ይመስለዋልና። እሷ ዝምተኛ ናት። ዝምታዋ ግን የዋህነት አይደለም፤ የተዘጋ መቀስ ነው።

የምንሰፋበት ክፍል አንዱ ግድግዳ መስተዋት ነው። ስንሠራ ፀጉራችንም አፋችንም ይሸፈናል፤ ከእኛ የሚታየው ዓይን ብቻ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ቀጭን ወጣት ከመስተዋቱ ማዶ መቆም ጀመረ። የሐኪሙ ልጅ ነው አሉን። ግንባሩን መስተዋቱ ላይ ደገፍ አድርጎ መርፌዋ ሲገባ ሲወጣ ያያል። ትንፋሹ መስተዋቱን ሲያደበዝዝበት በእጅጌው ይጠርገዋል፣ ደግሞ ያያል። ሁለት መቶ አርባ ቆጥራ የማትሳሳተው ልጅ መቶ ስድስት ላይ ቁጥሩ ይጠፋባት ጀመር።

«ምን አባቱ ያፈጥጣል?» አልኳት።

«ሥራውን ነው የሚያየው እማዬ።»

«ሥራው ያለው እጅሽ ላይ ነው። እሱ የሚያየው ከዚያ ከፍ ብሎ ነው።»

ከሽፋኑ የተረፈው የዓይኗ ዙሪያ ሳይቀር ቀላ።

ከዚያ ከሥራ ስትወጣ ይሸኛት ጀመር። እያንዳንዱ ማዕዘን ላይ ይቆማል፣ አጥር ይደገፋል፣ ደረጃ ሲያይ ወሬ ይጀምራል። «መንገዱ እንዳያልቅበት ነው ቀስ የሚለው» አለችኝ፤ ፊቷ እንደ መብራት በርቶ። እኔም አመንኩ። ስድሳ ስምንት ዓመት ኖሬ ትንፋሽ ያጠረውን ሰው ፍቅር ከያዘው ሰው መለየት አቃተኝ።

አባትየው ሲሰማ ራሱ መስፊያ ክፍል ድረስ መጣ። «እማማ፣ ልጅዎን ይምከሩልኝ። እጇ ወርቅ ነው፣ አልክድም። ግን ስፌተኛ ናት» አለኝ።

«አንተስ ምንድን ነህ? አንተም ስፌተኛ ነህ» አልኩት። «ልዩነታችን አንተ ስትሰፋ ሰውዬው ማደንዘዣ ተወግቷል።»

ወጣ። ቃሉ ግን ከእኔ ጋር ቀረ። ግን ስፌተኛ ናት! ይህን ቃል እንደ ተሰበረ መርፌ ሥጋዬ ውስጥ ይዤው ሰነበትኩ።

ቀጥሎ በመጣው ሰኞ ልጁ ቤታችን መጣ። እሷ ሥራ ላይ ናት፣ እኔ ጉንፋን ይዞኝ ቀርቻለሁ። ላቡ ይንጠባጠባል፣ ከንፈሩ ጠቁሯል። ወፍራም የንድፍ ወረቀት አራት ላይ አጥፎ ሰጠኝ።

«እባክዎ እማማ፣ ዛሬውኑ ይስጡልኝ። ነገ አይሆንም።»

ፈርቷል አልኩ በሆዴ። አባቱ ተቆጥቶት መሰናበቻ ጽፎ መጣ። ልጄ ያንን አንብባ ስትሰበር ከማይ ባይደርሳት ይሻላል። «አንብቡልኝ» ብዬ ሰው ደጅ ከምቆም ደግሞ ዓይኔን በመርፌ ብወጋው ይቀለኛል። ስለዚህ አልሰጠኋትም።

አልጣልኩትም ግን። ጥሩ ወረቀት አይጣልም። በዚያው ሳምንት መሐንዲሱ ለሰባተኛው ልብ አዲስ ልክ አመጣ፤ ከቀድሞዎቹ የጠበበ አንገትጌ ነው። አዲስ ልክ ሲመጣ ቤታችን በወረቀት እንቀድድና በቁራጭ ጨርቅ እንለማመዳለን። እጄ ላይ ከነበረው ወረቀት ሁሉ የሱን ያህል ጠንካራ አልነበረም። በመቀሴ ዙሪያውን ቀደድኩት፣ መሃሉን ፈልቅቄ አወጣሁት። ቀለበቱን ከሌሎቹ ልኮች ጋር ሚስማር ላይ ሰቀልኩት። መሃሉ የት እንደገባ ረሳሁት።

እንዲህ አድርጌ ነው በሰው ደብዳቤ ላይ መቀስ ያነሳሁት።

ልጁ ከዚያ ወዲያ አልታየም። አንድ ወር፣ ሁለት ወር፣ ሦስት ወር። እሷ አባቱ ቤት ደጃፍ ሦስት ጊዜ ሄዳ ዘበኛው መለሳት። መዶሻ በአራተኛው ሄደ፤ ሁለት ዘበኞች በዱላ ተቀብለው የፊት ጥርሱን አስተፉት። አፉን ደም ሞልቶት ሲገባ «አንድ ጥርስ ነው የወሰዱብኝ፤ እኔ አንድ ሰው እወስድባቸዋለሁ» አለ።

እሷ በመጀመሪያው ወር ሰባተኛውን ልብ ስትሰፋ ዓይኗ ደም መስሎ ነበር። ለማን እንደምንሰፋ አይነገረንም፤ ደንብ ነው። እንባ አንገትጌው ላይ ከወደቀ ሁሉም ይጣላል። ስለዚህ አላለቀሰችም። በየስፌቱ ጥርሷን ስታፋጭ ግን እሰማት ነበር።

ከቅዳሜዋ አንድ ሳምንት በፊት ልኮቹን አቧራ ልታራግፍ ከሚስማሩ አወረደች። ቀለበቱን ገለበጠችው። ቆመች።

«እማዬ፣ ይህ ወረቀት ከየት መጣ?»

ነገርኳት። መሃሉን ጠየቀችኝ፤ «ጥዬዋለሁ» አልኳት፣ የጣልኩትም መስሎኝ ነበር። ቀለበቱን እያዞረች አነበበችልኝ። ከላይ «አትጠብቂኝ» ይላል። ከታች «የመጣሁት ሥራውን ለማየት ነበር» ይላል። ሌላው ለመቀሴ የሄደ ፊደል ቁራጭ ነው።

አልጮኸችም። ቀለበቱን ጡት መያዣዋ ውስጥ ከተተችው። «ሥራውን ነው የሚያየው ብዬሽ አልነበር?» አለችኝ። ያን ዕለት ብትሰድበኝ፣ ብትማታኝ እወድ ነበር።

መዶሻ ከኋላዋ አጮልቆ አብሮ አንብቧል። «ያገኘሁት ቀን ልቡን ነው የማወጣው» ብሎ በሩን ሲዘጋው ማጠፊያው ተነቀለ።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ልብስ እየተኮስኩ ነበር። ከመንገድ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ጧ፣ ጧ፣ ጧ። ይህን ድምፅ ከስሜ እኩል አውቀዋለሁ፤ የልብ መንፊያው ሳጥን ነው። ወደ እኛ ሰፈር ምን አመጣው ስል ማጠፊያ የሌለው በር ተገፋ።

የሐኪሙ ልጅ ነው። ክብደቱ በግማሽ ቀንሷል። ትከሻው ላይ ጥቁር ቦርሳ ተንጠልጥሏል፤ ከቦርሳው ሁለት ቱቦ ወጥቶ ሸሚዙ ሥር ይገባል። ቤቱ ሁሉ ጧ ጧ አለ።

የልጅ ልጄ ከስፌት መኪናዋ ላይ ተነሣች።

«ደብዳቤዬ ደርሶሽ አልነበረም?» አላት።

«ደርሶኛል። አትጠብቂኝ ብለሃል። አልጠበቅሁህም።»

«እሱን ብቻ ነው ያነበብሽው?»

እኔ ካውያዬን ጨብጬ ወለል ወለል አየሁ። እሱ ከኪሱ የበሽተኛ ካርዱን አውጥቶ ዘረጋላት። «እዪኝ እንጂ፤ ይህን ነገር ይዤ ነው የመጣሁት። አንድ ወር ራሴን አላወቅሁም፣ ሁለት ወር መቆም አልቻልኩም። ዛሬ ከሐኪም ቤት ሾልኬ ነው።»

እሷ ካርዱን አየች። ቁጥር ሰባት። ወንበሩን በእጇ ፈልጋ ተቀመጠች።

«ሰባትን የሰፋሁት እኔ ነኝ» አለች። «እየረገምኩህ ነው የሰፋሁህ። ሁለት መቶ አርባ ጊዜ።»

«ታዲያ ሲወጋኝ የሚያድረው ለዚህ ነዋ!» አላት።

ሳቀች። ከሦስት ወር በኋላ ነው የሳቀችው፤ ዓይኖቻቸው ተያዩ፣ አሁን መሃላቸው መስተዋትም የለ። በዚያች ቅጽበት እኔ ከዚያ ቤት ብጠፋ ደስ ባለኝ።

መዶሻ ከኋላው ገባ። ከጋራዥ ነው የመጣው፤ ክንድ የሚያህል መፍቻ ይዟል። ሰው አደባባይ ላይ አይቶት ሮጦ ነግሮታል።

«መጣህ?» አለ። አንድ ቃል ነው የተናገረው።

በቡጢ መንጋጋውን አለው። ልጁ ጠረጴዛው ላይ ተጋጭቶ ወደቀ፤ የቁልፍ ቆርቆሮዬ ተገለበጠና መቶ ቁልፍ ወለሉ ላይ ተበተነ። በእግሩ ጎኑን ደገመው። እህቱ ዘላ መሃል ገባች፤ እሷን እንደ ጨርቅ አሽቀንጥሮ ወረወራት። በእጇ አንጓ ነው የስፌት መኪናው ብረት እግር ላይ ያረፈችው። ሲሰበር ሰማሁት፤ ደረቅ እንጨት ነው የሚመስለው።

እኔም አልጸለይኩም። የጋለውን ካውያ ትከሻው ላይ አሳረፍኩለት። ሸሚዙ ተቃጠለ፣ ቆዳው ሸተተኝ። ዘወርም አላለ።

«ተው አንተ! እሱን አትንካ!» ትላለች እሷ ከወለሉ። ምኑን እንደሆነ አልገባውም። እህቱ ልብ እንደምትሰፋ ያውቃል፤ የተሰፋው ልብ ሰው ላይ ሲሠራ ግን አይቶ አያውቅም። ለእሱ ቦርሳው የሀብታም ልጅ ቦርሳ ነው። ልጁ በሁለት እጁ አቅፎ ሲከላከልለት ይበልጥ ተናደደ።

«ከእህቴ የሚበልጥብህ ምን ይዘህ ነው?» ብሎ ቦርሳውን ከእቅፉ ነጠቀውና ሲሚንቶው ላይ ፈጠፈጠው። በመፍቻው መታው። ጧ ጧ ይላል አሁንም። ደገመው። ጧ... ጧ። ሦስተኛውን በሁለት እጁ አንሥቶ አወረደው።

ቆመ።

በኑሮዬ ብዙ ዝምታ አውቃለሁ። እናታቸው፣ ልጄ፣ የሞተች ቀን የነበረውን አውቃለሁ። የዚህን ያህል ግን ጆሮዬን የመታው የለም። የልጁ ፊት እንደ አመድ ሆነ። አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፣ ሳይለው አንገቱ ወደቀ።

«ልቡን ነው የመታኸው!» ብላ ጮኸች እህቱ። «ቦርሳው ልቡ ነው!»

መዶሻ መፍቻውን አየው። ከዚያ እጁን አየው።

የቦርሳው የጎን ኪስ ውስጥ የእጅ መንፊያ አለ፤ ጭብጥ የምታህል የላስቲክ ኳስ ናት። ሳጥኑ ቢሞት ቱቦዎቹ ከሳጥኑ ተነቅለው እሷ ላይ ይሰኩና በእጅ ይጨመቃል። መስፊያ ክፍል ያለን ሁሉ በውኃ ባልዲ ተለማምደነዋል። «ቀዩን ቱቦ እማዬ፣ ከዚያ ሰማያዊውን!» እያለች እሷ ትነግረኛለች፣ እኔ በጎበጡ ጣቶቼ እሰካለሁ። ስሰካ ቀኝ እጇ ተንጠልጥሏል። በግራዋ ኳሷን ቀማችኝና ጨመቀች።

አንድ። ምንም።

ሁለት። ምንም።

«በእጄ ነው የሠራሁህ! በእጄ አትሞትም!» ትለዋለች። እየሰደበችው ትጨምቃለች፣ እየጨመቀች ታለቅሳለች። ያን የሦስት ወር እንባ ምንም የሚከለክለው ደንብ የለም አሁን፤ ሸሚዙን አራሰው። ዐሥራ ምናምን ላይ ከንፈሩ ላይ የጽጌረዳ ያህል ቀለም መጣ። የገዛ እጇ ደም ወደ ፊቱ ሲያመጣ አየች። በዚያች ደቂቃ የነበራትን ፊት እኔ አልችልበትም፤ የሚችልበት ይጻፈው።

አጥሩን ደብድቤ ጎረቤታችንን ልብስ አጣቢዋን ጠራኋት። ቦርሳው ላይ ወደ ተጻፈው ስልክ ቁጥር ደወለች። «ሃያ ደቂቃ አሉ! አባትየው ራሱ ትርፍ ሳጥን ይዞ እየመጣ ነው!» ብላ መለሰችልኝ።

ሃያ ደቂቃ በአንድ ግራ እጅ! በሦስተኛው ደቂቃ ጣቶቿ መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ተቀበልኳት። የእኔ ጣት መርፌ ይይዛል እንጂ ኳስ አይጨምቅም፤ ስምንት ጊዜ ጨምቄ ዘጠነኛው አልታጠፍ አለኝ። ከንፈሩ ደግሞ ጠቆረ።

መዶሻ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

«ና ወዲህ!»

«አልችልም እማዬ። እጄ ሰው ነው የሚገድለው።»

ሄጄ በጥፊ አልኩት። አንዴ በዚህ፣ አንዴ በዚያ። «ገድሎ የለ እንዴ! አሁን ደግሞ ያስነሣ! ተንበርከክ!»

ተንበረከከ። ያ ግዙፍ እጅ ኳሷን ሲውጣት እህቱ የተረፈ እጇን እላዩ ላይ ጫነች። «ቀስ... ልቀቅ... ቀስ... እንደ ጎማ አትንፋው» አለችው። ያን ጊዜ እንኳ ጋራዡን አልተወችለትም። ሁለቱ እጆች፣ የሰባሪውና የተሰባሪዋ፣ አብረው ጨመቁ። ንፍጡና እንባው አገጩ ላይ ተቀላቀለ። «አንድ፣ እህቴ ማሪኝ፣ ሁለት፣ እህቴ ማሪኝ» እያለ ነው የሚቆጥረው።

የሐኪሙ ልጅ ዓይኑን ገለጠ።

መጀመሪያ ያየው ዓይኗን ነው። ሌላውን ፊቷን እንባና ፀጉሯ ሸፍኖት ነበርና፣ እንደ ድሮው ዓይኗ ብቻ ነው የታየው።

እኔ ቁልፎቹ መሃል ቁጭ አልኩ። እጄ ሥር አንድ ክብ ወረቀት ገባ። ወፍራም የንድፍ ወረቀት፣ ጠርዙ በእኔ መቀስ የተቀደደ። ከቁልፍ ቆርቆሮው ነው የወጣው። ለካ ሳልጥለው ኖሬያለሁ።

በዚያ ሁከት ወረቀቱን መደበቅ ይቻል ነበር። ማንም አላየኝም። ግን ሰው ያላየኝን ነገር ሁሉ ስቆጥር የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ይህንን ብቻ አይታይልኝ ማለት ነውር ነው።

«ልጄ» አልኳት፤ «መሃሉ ይኸው። ያን ሰኞ ዛሬውኑ ይስጡልኝ ብሎኝ ነበር። ኮራሁና አልሰጠሁሽም። ልብሽ እንዳይሰበር ብዬ ደብዳቤሽን ሰበርኩት። ምቺኝ ካልሽ ምቺኝ።»

አልመታችኝም። ቀለበቱን ከደረቷ አወጣችና ደረቱ ላይ፣ እዚያው ስፌቷ ካለበት በላይ፣ ክቡን መሃሉ ላይ ገጠመችው። ወረቀቱ ከወንድሟ እጅ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል።

«ከሞትኩ...» ብላ አነበበች። ከሞትኩ አትጠብቂኝ። ከታች ደግሞ፤ «መጀመሪያ...» መጀመሪያ የመጣሁት ሥራውን ለማየት ነበር። የሚገባልኝን ልብ ለማየት።

ሦስተኛው መስመር ሙሉ በሙሉ መሃል ላይ ነው፤ እሱን መቀሴ አላገኘውም። በዓይኗ አነበበችው። ደግማ አነበበችው። አፏን በእጇ ጀርባ ከደነች።

«ምን ይላል?» አለ መዶሻ፣ መጭመቁን ሳያቆም።

ራሷን ነቀነቀች።

ከሩቅ የአምቡላንሱ ጩኸት ተሰማ። አባትየውን አውቀዋለሁ። ትርፉን ሳጥን ይሰካል፣ ልጁን በቃሬዛ ያነሳል፣ በሩን ይዘጋል፤ እኛም እንደ ገና ከፎቶው ውጪ እንቀራለን። እኔ ልቀር እችላለሁ፤ ለምጄዋለሁ። እሷ ግን አትቀርም።

ወረቀቱን ከደረቱ ላይ አንሥቼ ዓይኑ ፊት ያዝኩለት። ምን እንደሚል አላውቅም፤ ፊደሉ ለእኔ ጉንዳን ነው።

«ስማኝ የእኔ ልጅ» አልኩት። «ትንፋሽህ በእኛ እጅ ነው ያለው፣ አንሠስትብህም። አባትህ ሳይገባ ይችን ሦስተኛዋን መስመር በገዛ አፍህ አንብብላት። ጮክ በል! የሚነፋልህም ይስማ፣ የቀደድኩትም ልስማ።»